የደቡብ ፈረንሳይ ቀይና ነጭ ወይን፦ ቀምሶ ነጥብ ለመስጠት ዝርዝር መመሪያ

ወይን ለመቅመስ ተሰብስበው ግራ ተጋብተው የሚለያዩ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ቀዩ «ያቃጥላል» ይባላል። ነጩ «ውሃ ውሃ ይላል» ይባላል። አንዱ ለአንድ ወይን ከ20 ነጥብ 18 ይሰጣል፤ አጠገቡ ያለው ለዚያው ወይን 9። ለምን ሲባሉ ሁለቱም መልስ የላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወይኑ አይደለም። ቀዩ ሞቆ ቀርቧል፣ ነጩ ከመጠን በላይ ቀዝቅዟል፣ ነጥቡም የተሰጠው ገና አንዴ ፉት እንደተባለ ነው።

የደቡብ ፈረንሳይ ወይን ለዚህ ስህተት በጣም የተጋለጠ ነው። ከላንግዶክ፣ ከሩሲዮን፣ ከፕሮቫንስና ከደቡብ ሮን የሚመጣው ወይን ፀሐይ የጠገበ ነው። ቀዩ 14 እና 15 በመቶ አልኮል መያዙ የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ወይን አፍ ሲገባ መጀመሪያ ጉልበቱ ነው የሚሰማው። ጉልበቱን ጥራት አድርገን እንወስደዋለን። ወይም ጉልበቱ አስቀይሞን ጥሩ ወይን እንጥላለን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አንድ ነገር ለማሳካት ነው፦ ነጥቡ ለጉልበት ሳይሆን ለሚዛን እንዲሰጥ።

1. ጠርሙሶቹን ምረጡ

ስድስት ጠርሙስ ይበቃል። ሦስት ነጭ፣ ሦስት ቀይ። ከዚያ በላይ ለጀማሪ ምላስ ይከብዳል። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊ ሊትር ነው። በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ሊትር ከቀዳችሁ 15 ጊዜ ይቀዳል። ስድስት ወይም ሰባት ሰው ብትሆኑ ለሁለት ዙር ይደርሳል።

ለነጩ እነዚህን ፈልጉ፦

- ፒክፑል ዴ ፒኔ። ሜዲትራኒያን ዳር ካለው የቶ ሐይቅ አካባቢ ይመጣል። ቀጭን፣ ኮምጣጣ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል። በወጣትነቱ የሚጠጣ ስለሆነ ዓመታት የቆየ ጠርሙስ አትግዙ።
- ቬርመንቲኖ። ፕሮቫንስ ውስጥ ሮል ይሉታል። ከፒክፑል ትንሽ ወፈር ይላል።
- ሩሳን፣ ማርሳን ወይም ነጭ ግሬናሽ የሚባል የወይን ዝርያ ያለበት ነጭ። ከደቡብ ሮንም ከላንግዶክም ይገኛል። ወፍራም ነው። ኮክ፣ ማርና ሰም የሚሸት ዓይነት።

ለቀዩ ከኮርቢየር ወይም ከሚኔርቯ አንድ ካሪኛን የሚባል ዝርያ ያለበት ውሰዱ። ሁለተኛው ከሞንፔሊየ ሰሜን ከሚገኘው ከፒክ ሳን ሉ ይሁን፤ እዚያ ሲራ ይበዛል። ሦስተኛው ከደቡብ ሮን ዢጎንዳስ ወይም ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ፤ እነዚህ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግሬናሽ ይነግሣል። የፕሮቫንሱን ባንዶል በጣም እወደዋለሁ፤ ግን ለመጀመሪያ ቀን አትምረጡት። ቀዩ ባንዶል ቢያንስ ግማሹ ሙርቬድር መሆን አለበት፣ እንጨት በርሜል ውስጥም ቢያንስ 18 ወር ይቀመጣል። ወጣት ሆኖ ሲከፈት ድድ ያደርቃል። ጀማሪ ሰው ፊቱን አጨማድዶ 8 ይሰጠዋል፤ ያ ደግሞ ለወይኑ አይገባውም።

ዋጋቸው ተቀራራቢ ይሁን። ስያሜዎቹን ካላገኛችሁ በወይን ዝርያው ፈልጉ፦ ግሬናሽ፣ ሲራ፣ ሙርቬድር። ኢትዮጵያ ውስጥ ላላችሁ አንድ ጥሩ ነገር አለ። ባቱ ወይም ዝዋይ አካባቢ የሚመረተው ሪፍት ቫሊ የሲራ ወይን አለው። ከላንግዶክ ሲራ አጠገብ አስቀምጣችሁ ቅመሱት። አንድ ዝርያ በሁለት ፀሐይ ምን እንደሚሆን ታያላችሁ።

ተጠንቀቁ። ሪቭዛልት፣ ባኒዩልስና ሞሪ የሚሉ ስሞች ሩሲዮን ውስጥ አሉ። አብዛኞቹ ጣፋጭ ናቸው። ጭማቂው እየፈላ እያለ አልኮል ተጨምሮበት ፍላቱ ስለሚቆም ስኳሩ ውስጡ ይቀራል። ጠርሙሱ ላይ «ቫን ዱ ናቱሬል» የሚል ካለ ለዚህ ቀን አይሆንም። ሞሪ «ሴክ» የሚል ከተጨመረበት ግን ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ ቀይ ነው። በስህተት ጣፋጩን ገዝታችሁ ከሆነ አትመልሱት። ከሁሉም መጨረሻ ቅመሱት፣ ነጥቡንም ከሌሎቹ ጋር አታወዳድሩ።

2. ክፍሉንና ብርጭቆውን አዘጋጁ

ጥሩው ሰዓት ረፋድ ነው። ከምሳ በፊት አፍና አፍንጫ ንቁ ናቸው። ማታ ከሆነ ግን እራት ሳትበሉ ጀምሩ።

በዚያ ቀን ቤት ውስጥ እጣን አታጭሱ። ቡና አትቁሉ። ሽንኩርት አታቁላሉ። ይህ ለእኛ ቤት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የእጣን ሽታ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ እስከ ማግስቱ ይቆያል። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ሰው ካለ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ከመቅመሳችሁ 1 ሰዓት በፊት ጥርስ አትቦርሹ፣ ማስቲካ አታኝኩ፣ አታጭሱ።

በርበሬ ያለበት ምግብ በተለይ ክልክል ነው። በርበሬው ምላስን ያቃጥላል፣ አልኮሉ ደግሞ ቃጠሎውን ያባብሰዋል። ከቀይ ወጥ በኋላ የተቀመሰ ዢጎንዳስ እሳት ይሆናል። በመሀል የምትበሉት ተራ ነጭ ዳቦ ብቻ ይሁን። እንጀራ አታቅርቡ። እንጀራ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር ከበላችሁ በኋላ ወይኑ ከእውነተኛው ያነሰ ኮምጣጣ ይመስላል። ጣፋጭ ነገር ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

ብርጭቆው ባለ እግር፣ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት። በሳሙና አጥባችሁ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሙቅ ውሃ አለቅልቁ። ከዚያ ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱ። ሳሙና ወይም የቁም ሳጥን ሽታ ካለ እንደገና አለቅልቁ። ይህን ሳያደርጉ ወይኑን የሚኮንኑ ብዙ ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ እስክሪብቶ፣ ውሃና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መትፊያ ኩባያ አስቀምጡ።

መትፋት ነውር አይደለም። ቡና ቀማሾቻችንም ይተፋሉ። ስድስት ወይን በ50 ሚሊ ሊትር ከጠጣችሁ 300 ሚሊ ሊትር ነው። በ14 በመቶ ስታሰሉት 33 ግራም ያህል ንጹህ አልኮል ይሆናል። ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ያላችሁት ፍርድ የእናንተ ሳይሆን የአልኮሉ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ተፍቶም ቢሆን መሪ አይጨብጥ፤ ፈረንሳይ ውስጥ ወሰኑ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ማሽተቱ ላይ ብቻ ይሳተፍ።

3. ሙቀቱን አስተካክሉ

አንድ ደረጃ ብቻ በጥንቃቄ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

ወይን ሲሞቅ አልኮሉ ቶሎ ይተንናል። አፍንጫ የሚደርሰው እሱ ነው። ፍሬው ከኋላው ይደበቃል። ወይን ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሽታው ይዘጋል፣ ምሬቱና ድድ የሚያደርቀው ነገር ይጎላል። ስለዚህ 24 ዲግሪ ላይ የቀረበ ሻቶኔፍ አረቄ ይመስላል። 6 ዲግሪ ላይ የቀረበ ሩሳን ምንም አይሸትም። ሁለቱም ግን ጥሩ ወይን ሊሆኑ ይችላሉ።

ዒላማችሁ ይህ ነው፦

- ፒክፑልና ቬርመንቲኖ፦ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ
- ወፍራሙ ነጭ፦ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ
- ቀዮቹ ሁሉ፦ ከ15 እስከ 17 ዲግሪ

«ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚለውን እርሱት። የእናንተ ሳሎን 25 ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጮቹን ከዋዜማው ፍሪጅ አስገቡ። ቀጫጭኖቹን ከመቅዳታችሁ 15 ደቂቃ በፊት አውጡ። ወፍራሙን 40 ደቂቃ በፊት። ቀዮቹ ደግሞ በተቃራኒው፤ ቤቱ ሞቃት ከሆነ ከመቅዳታችሁ 45 ደቂቃ በፊት ፍሪጅ ይግቡ። ከዚያ ትንሽ ቅዱና በምግብ ቴርሞሜትር ለኩ። ከዒላማው 1 ዲግሪ ዝቅ ቢል ይሻላል፣ ብርጭቆ ውስጥ ቶሎ ስለሚሞቅ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ የቀዩን ጠርሙስ በመዳፋችሁ ያዙት። ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ለብ ያለ ከመሰላችሁ ሞቋል።

ቢሳሳትስ? ቀዩ ከሞቀ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ውሃ ግማሽ በረዶ አድርጉና ጠርሙሱን ለ6 ወይም 7 ደቂቃ አስቀምጡት። በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምሩ፤ ያቀጥነዋል። ነጩ ከቀዘቀዘ የብርጭቆውን ሆድ በሁለት እጃችሁ አቅፋችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ። ማይክሮዌቭ የሚያስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። አታድርጉት።

4. ክፈቱና ሸፍኑ

የማይቀምስ አንድ ሰው ይክፈት። ከሌለ ከቀማሾቹ አንዱ ይክፈትና የእሱን ነጥብ ለብቻ ያዙት። ጠርሙሶቹን በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በወፍራም ወረቀት እስከ አንገታቸው ጠቅልሉ፣ ቁጥር ጻፉባቸው። ቀጭን ወረቀት አይበቃም። የሻቶኔፍ ዱ ፓፕ ጠርሙስ ብዙ ጊዜ የጳጳሱ ቁልፎች መስታወቱ ላይ በጉብታ ተቀርጸውበታል፤ በጣት ይታወቃል። የፒክፑልም ረጅም አረንጓዴ ጠርሙስ ከቅርጹ ይለያል። ስለዚህ መቅዳትም የከፋቹ ሥራ ይሁን።

ከፋቹ ቅደም ተከተሉን ይጠብቅ። ነጭ ከቀይ በፊት። ቀጭን ከወፍራም በፊት። የአልኮሉን መጠን ከመለያው አይቶ ዝቅተኛውን ያስቀድም። ያ ቁጥር ግን ግምት መሆኑን ይወቅ። በአውሮፓ ሕግ የተጻፈው ከእውነተኛው በግማሽ በመቶ ሊለይ ይችላል፤ 14.5 የተባለው 15 ሊሆን ይችላል።

ቡሹ ከተሰበረ አትደንግጡ። መክፈቻውን አጋድማችሁ እንደገና አስገቡትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ወደ ውስጥ ከገባ ወይኑን በንጹሕ የሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ ጆግ ውስጥ ገልብጡ። ቡሹ መሰበሩ ወይኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቡሽ የሌለው፣ ክዳኑ በመዞር የሚከፈት ጠርሙስም ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

ወጣት ሲራና ሙርቬድር አየር ይፈልጋሉ። ቡሹን ነቅሎ መተው ብዙም አይረዳም፤ የጠርሙሱ አንገት ጠባብ ነው። ሙሉውን ጆግ ውስጥ ገልብጡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ተዉት። ጆጉም ዒላማው ሙቀት ላይ ይቆይ። ያረጀ ቀይ ከሆነ ግን ከዋዜማው ጀምሮ ጠርሙሱን አቁሙት፣ አተላው እንዲዘቅጥ። ስትቀዱ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ።

5. ተመልከቱ

ይህ አጭር ነው። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አጋድሙት፣ ጠርዙን እዩ። ቀይ ወይን ጠርዙ ወይን ጠጅ ቀለም ከሆነ ወጣት ነው። ወደ ሸክላ ቀለም ካደላ ዕድሜ አለው። ነጩ ከገረጣ ወደ ወርቃማ ይሄዳል። ወጣት ነጭ ቡናማ ከሆነ ተጠራጠሩ።

ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚወርደውን «እንባ» እያዩ ጥራት ነው የሚሉ አሉ። እንባው የሚነግራችሁ አልኮሉ ወይም ስኳሩ ብዙ መሆኑን ብቻ ነው። በደቡብ ወይን ሁሌም ታዩታላችሁ። ነጥብ አትስጡበት። ድፍርስ መሆንም ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ሳይጣራ የታሸገ ወይን አለ።

6. አሽትቱ

መጀመሪያ ሳትነቀንቁ። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫ አቅርቡና አጭር አጭር ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቡ። ከዚያ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በእግሩ ይዛችሁ አሽከርክሩትና እንደገና አሽትቱ። ሁለተኛው ሽታ ከመጀመሪያው ከተለየ ጻፉት።

ማንም ሰው ድምፁን ሳያሰማ ሦስት ቃል ጻፉ። ሦስት ብቻ። አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ቼሪ!» ካለ በኋላ ሁሉም ቼሪ ነው የሚሸተው። ይህን ሕግ የጣሰ ስብሰባ ላይ ነጥቡ ሁሉ የአንድ ሰው ነጥብ ነው።

ቃሎቹ ከእናንተ ሕይወት ይምጡ። በልታችሁት የማታውቁትን ፍሬ ስም ከመጽሔት አትዋሱ። የደቡብ ፈረንሳይ ወይን ደግሞ ለእኛ አፍንጫ ሩቅ አይደለም። ከወይን እርሻዎቹ አጠገብ ያለውን ድንጋያማ ቁጥቋጦ ጋሪግ ይሉታል። ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ላቬንደር የሚበቅልበት ነው። የብዙዎቹ ቀዮች ሽታ ይህ ነው። የጥብስ ቅጠል ድስት ላይ ሲጣል የሚወጣውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

እንዲህ ፈልጉ፦

- ግሬናሽ፦ እንጆሪ፣ የበሰለ ቼሪ፣ ሲያረጅ ዘቢብና የደረቀ ፍሬ።
- ሲራ፦ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቁር የወይራ ፍሬ፣ ጢስ።
- ሙርቬድር፦ ቆዳ፣ ሥጋ፣ ጥቁር ፕሪም፣ ጦስኝ።
- ፒክፑል፦ ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖም።
- ቬርመንቲኖ፦ ትርንጎ፣ እንስላል፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ ምሬት።
- ሩሳንና ማርሳን፦ ኮክ፣ ማር፣ ሰም፣ ለውዝ።

በእንጨት በርሜል የቆየ ወይን ቫኒላ፣ ቅርንፉድ ወይም ጢስ ይጨምራል። በወይራ የታጠነ ጋን ውስጥ ጠላ የጠጣ ሰው ዕቃው ለመጠጡ ምን እንደሚሰጥ ማስረዳት አያስፈልገውም። ጥያቄው ግን ይህ ነው፦ ጢሱ ፍሬውን ሸፍኖታል ወይስ ከኋላው ቆሟል? ሸፍኖት ከሆነ ነጥብ ይቀነሳል።

ምንም ካልሸተታችሁ፣ መጀመሪያ ሙቀቱን አረጋግጡ። ከዚያ የብርጭቆውን አፍ በመዳፋችሁ ከድናችሁ ነቅንቁት፣ ወዲያው አሽትቱ። አሁንም ዝም ካለ 10 ደቂቃ ተዉትና ወደሚቀጥለው እለፉ። አፍንጫችሁ ከደከመ ደግሞ በረንዳ ውጡ፣ ወይም የራሳችሁን እጅጌ አሽትቱ። ቡና ማሽተት አፍንጫ ያጸዳል የሚለውን አትስሙ። ሌላ ኃይለኛ ሽታ መጨመር ነው።

7. ቅመሱ

ከዚህ በፊት አንድ ዝግጅት አለ። ብዙዎቻችን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል «ይመራል» እንላለን። መኮምጠጥ፣ መምረርና ድድ ማድረቅ ግን የተለያዩ ናቸው። ሳትለዩ ነጥብ መስጠት አትችሉም። ስለዚህ አራት ኩባያ አዘጋጁ፦

ሀ) ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ። ጉንጭ ውስጥ ምራቅ ሲሞላ ይሰማችኋል። ኮምጣጣነት ይህ ነው።

ለ) ለ10 ደቂቃ የተዘፈዘፈ ሻይ ያለ ስኳር። ድድና ምላስ ይደርቃል፣ ሻካራ ይሆናል። ያልበሰለ ሙዝም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ታኒን ነው። ከወይኑ ቆዳና ዘር የሚመጣ ስለሆነ በዋናነት ቀይ ወይን ላይ ነው የምታገኙት።

ሐ) ትንሽ አረቄ በውሃ። ጉሮሮ ላይ የሚሞቀው አልኮል ነው።

መ) ትንሽ ማር በውሃ። ምላስ ላይ የሚጣፍጠው ስኳር ነው።

ምሬትን በጌሾ ታውቁታላችሁ፣ ኩባያ አያስፈልገውም።

አፋችሁን በውሃ ተጉመጥምጡና ጀምሩ። የመጀመሪያው ጉንጭ የአፍ ማሟሻ ይሁን፤ ነጥብ አይሰጠውም። ከፒክፑሉ ትንሽ ቅመሱና ትፉ። ጠጅ ወይም ጣፋጭ ወይን ለለመደ ሰው የመጀመሪያው ደረቅ ወይን ሁልጊዜ የኮመጠጠ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው ጊዜ ነው እውነቱ የሚሰማው።

አሁን ለእያንዳንዱ ወይን፦

አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሰዱ። ከ5 እስከ 10 ሰከንድ አፋችሁ ውስጥ አዙሩት። ከንፈራችሁን ትንሽ ከፍታችሁ አየር ሳቡበት። ድምፅ ያሰማል፣ ግድ የለም። ትፉት። ከተፋችሁ በኋላ መቁጠር ጀምሩ፤ ጣዕሙ ስንት ሰከንድ ቆየ? ከ5 በታች አጭር ነው። ከ10 በላይ ረጅም። ቃጠሎው ሳይሆን ጣዕሙ የቆየበትን ቁጠሩ። የደቡብ ቀዮች ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጉሮሮ ላይ የቀረውን ሙቀት «ረጅም» ብለው ይጽፋሉ።

በዚህ ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ስኳር፣ ኮምጣጣነት፣ ታኒን፣ ክብደት፣ አልኮል፣ ጣዕም፣ ቆይታ። ክብደት ማለት አፍ ውስጥ እንደ ውሃ ነው ወይስ እንደ ወተት የሚለው ነው።

«ይህ ወይን ጣፋጭ ነው» ካላችሁ አፍንጫችሁን ይዛችሁ እንደገና ቅመሱ። ጣፋጭነቱ ከጠፋ ስኳር አልነበረም፣ የበሰለ ፍሬ ሽታ ነበር። ደረቅ ግሬናሽ ብዙ ሰው እንዲህ ያታልላል።

ሁሉም ወይን አንድ ዓይነት መምሰል ከጀመረ ምላሳችሁ ደክሟል። ዳቦ ብሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ 10 ደቂቃ እረፉ። ታኒን እየተደራረበ ስለሚሄድ የመጨረሻው ቀይ ሳይገባው ሻካራ ይባላል።

8. ብልሽትን ለዩ

የተበላሸ ወይን ነጥብ አይሰጠውም። «ብልሽት» ተብሎ ይታለፋል። ግን ያልተበላሸውንም አትኮንኑ።

የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ሽታ፦ ቡሹ ያመጣው ነው። አየር ሲያገኝ ይብሳል እንጂ አይሻልም። መፍትሔ የለውም። ቡሹን መልሳችሁ ወደ ገዛችሁበት ውሰዱት፤ ብዙ ሻጭ ይቀይራል። ቀላል ሲሆን አይሸትም፣ ፍሬውን ብቻ ያጠፋዋል። ሁለተኛ ጠርሙስ ካላችሁ አወዳድሩ።

የገማ እንቁላል ወይም የተጫረ ክብሪት ሽታ፦ አየር ያጣ ወይን ነው። ሲራና ሙርቬድር ላይ ያጋጥማል። ጆግ ውስጥ ገልብጡና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ካልለቀቀ በደንብ የታጠበ የመዳብ ሳንቲም አንድ ብርጭቆ ውስጥ ጣሉና አሽከርክሩ። ሽታው ከጠፋ ምክንያቱ ይህ ነበር። ያን ብርጭቆ ድፉት፣ ቀሪው ጊዜ ነው የሚፈልገው።

አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን፦ በጥቂቱ ሲሆን በሞቃት አገር ቀይ ላይ ይታለፋል። አፍንጫ ሲወጋ ብልሽት ነው።

ቡናማ የሆነ፣ የተቆረጠና የጠቆረ ፖም የሚሸት ነጭ፦ አየር ገብቶበታል። ቡሹ ወደ ውጭ ከተገፋ ደግሞ ጠርሙሱ ሙቀት አግኝቶታል። መኪና ውስጥ የዋለ ወይን እንዲህ ይሆናል።

የፈረስ በረት፣ ኮርቻ፣ የቁስል ፕላስተር ሽታ፦ እዚህ ላይ ሰዎች ይጣላሉ። ብሬት የሚባል እርሾ የሚያመጣው ነው፣ በቆዩ ዓይነት የደቡብ ቀዮች ላይ እንግዳ አይደለም። ሙርቬድር ደግሞ በተፈጥሮው ቆዳና ሥጋ ስለሚሸት ያደናግራል። የእኔ ሕግ ይህ ነው። ከበረቱ ሥር ፍሬ ከተሰማኝ 1 ነጥብ ብቻ እቀንሳለሁ። በረት ብቻ ከሆነ የአፍንጫውን ነጥብ በግማሽ እቆርጣለሁ።

9. ነጥብ ስጡ

ከ20 ስጡ። አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን፦

- ዓይን፦ 2
- አፍንጫ፦ 6
- የአፍ ጣዕም፦ 5
- ሚዛን፦ 5
- ቆይታ፦ 2

ሚዛንን በሦስት ጉልቻ አስቡት። ነጭ ወይን ላይ ጉልቻዎቹ ፍሬ፣ ኮምጣጣነትና አልኮል ናቸው። አንዱ ካነሰ ወይም ከበለጠ ድስቱ ያጋድላል። የደቡብ ነጭ የሚያጋድለው ኮምጣጣነቱ ሲያንስ ነው። ወፍራም፣ ሞቃት፣ ሕይወት የሌለው ይሆናል። ቀዩ የሚያጋድለው አልኮሉ ሲበልጥ ነው። ታኒኑንም ፍሬው መሸከም አለበት። 15 በመቶ አልኮል በራሱ ጥፋት አይደለም። ፍሬውና ኮምጣጣነቱ ከተሸከሙት 5 ከ5 ሊያገኝ ይችላል። መለያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን ጉሮሯችሁን ጠይቁ።

ምሳሌ ልስጥ። እንበል አንድ ዢጎንዳስ ቀመሳችሁ። ቀለሙ ጥርት ያለ፣ 2። አፍንጫው እንጆሪና የጥብስ ቅጠል፣ ግልጽ ግን ብዙ ያልተለዋወጠ፣ 4.5። አፍ ላይ ፍሬው ሙሉ ነው፣ 4። ጉሮሮ ላይ ትንሽ ያቃጥላል፣ ሚዛን 3። ጣዕሙ 8 ሰከንድ ቆየ፣ 1። ድምሩ 14.5። ጥሩ ወይን ነው። «ኃይለኛ ነው» ብላችሁ 18 ብትሰጡት ኖሮ ለሚቀጥለው የተሻለ ወይን ቦታ አይኖራችሁም ነበር።

ከ10 በታች የማይጠጣ ወይም የተናጋ ነው። ከ10 እስከ 12 ንጹሕና ተራ። 13 እና 14 ጥሩ። 15 እና 16 ለእንግዳ የሚቀርብ። 17 እና ከዚያ በላይ የሚታወስ። ቀኑን ሙሉ አንድም 17 ባይኖር አይክፋችሁ።

በ5 እያባዛችሁ ወደ 100 አትቀይሩ። በ100 የሚሰጡ ተቺዎች ከ50 ነው የሚጀምሩት። የእናንተ 16 በ5 ሲባዛ 80 ይሆናል፤ በእነሱ መለኪያ 80 መካከለኛ ወይን ነው።

ነጭን ከቀይ፣ ፒክፑልን ከሩሳን አታወዳድሩ። ፒክፑል ሊሆን የሚገባውን ሆኖ ከተገኘ ቀላል ስለሆነ ብቻ አትቀንሱበት።

ሁሉም 14 ከሆነባችሁ ነጥቡን ተዉትና መጀመሪያ ደርድሩ፦ ከሦስቱ ቀይ የትኛው አንደኛ፣ የትኛው ሦስተኛ? ከዚያ ለአንደኛውና ለሦስተኛው ቁጥር ስጡ። መካከለኛው ቦታውን ያገኛል። ነጥባችሁ ከወይን ወይን እየጨመረ ከሄደ ደግሞ እየዋጣችሁ ነው ማለት ነው። ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

10. ሁለተኛ ዙር

እስካሁን የጻፋችሁት በእርሳስ ይሁን። 20 ወይም 30 ደቂቃ እረፉና ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቅመሱ፤ ነጮቹን ለብቻ፣ ቀዮቹን ለብቻ። በጉልበቱ ቀድሞ የማረካችሁ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ዝም ብሎ የነበረው ሲራ ይናገራል። አሁን ነው ነጥቡ በእስክሪብቶ የሚጻፈው።

ሁለት ሰዎች በ4 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከተለያዩ አማካይ አታውጡ። ከአንድ ጠርሙስ አዲስ ይቀዳላቸው። ብርጭቆዎቹን አሽትቱ፣ ሙቀቱን ለኩ። ግማሹ ክርክር እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ሁለቱንም ነጥብ ከነምክንያቱ ጻፉ።

ከዚያ ፎይሉን ግለጡ። ስሙን ካያችሁ በኋላ ቁጥር መቀየር ክልክል ነው። ርካሹ ኮርቢየር ውዱን ሻቶኔፍ በልጦ ከሆነ እንደዚያው ይቆይ፣ በሚቀጥለው ስትገዙ ትጠቀሙበታላችሁ።

የተረፈውን በቡሹ ክደኑና ቀዩንም ጭምር ፍሪጅ አስገቡ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቀዩን 45 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡ፣ እንደገና ቅመሱ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ሁለተኛውን ጻፉ። በአንድ ሌሊት ከ2 ነጥብ በላይ የወረደውን ለማቆየት አትግዙ። የጨመረውን ግን ሁለት ጠርሙስ ገዝታችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አጋድማችሁ አስቀምጡ።